ባዶ ጉርሻ

ቃሊቲ መጥታችሁ ዙፋን የት ነች ብትሉ ማንም አያውቀኝም። ዙፋን ሞንታርቦ በሉ፤ ከመነኸሪያው ተራ አስከባሪ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ድረስ ጣቱን ቀስሮ ያሳያችኋል። ስሙ የወጣልኝ ያኔ፣ በሽታው ሰዉን በሚጨርስበት ዘመን ነው። ፒክአፕ መኪና ላይ ሞንታርቦ፣ ያንን ትልቁን ድምፅ ማጉያ፣ ይጭኑና እኔን ከጎኑ ያቆሙኛል፤ እኔም መነኸሪያው በር ላይ ማይኩን ይዤ፣ "ስሜ ዙፋን ይባላል፣ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ" እላለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ባሌን ቀብሬ፣ የባሌን ወንድም ቀብሬ፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ "በምን ሞተ?" ሲሉ "በሳንባ ምች፣ በቁርጥማት" ሲባል ስሰማ ነደደኝ። አንዱማ በጥርስ ሕመም ሞተ ተብሎ ተቀብሯል። ሰው እንዴት በጥርሱ ይሞታል?

ብዙ ሰው ያንን ሰምቶ ተመርምሯል ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል። እኔን ግን ምልክት አድርጎ አስቀረኝ። ዛሬ መድኃኒቱ እንደ ልብ ነው። አብዛኞቻችን የምንውጠው አንድ ዓይነት ክኒን ነው፣ በቀን አንዴ፤ በደንብ የወሰደ ሰው ሠርቶ ይበላል፣ ወልዶ ይስማል፣ ያረጃል። እኔ ራሴ ይኸው ሸብቻለሁ። ወሬው ግን አላረጀም። ዙፋን ሞንታርቦ የገባችበት ቤት ሳይመሽ ስሙ ይወጣል።

እንግዲህ ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ መድኃኒት የጀመሩትን አበረታለሁ፣ ያቋረጡትን ፈልጌ እመልሳለሁ። ደጃቸውን ልረግጥ የማልችላቸውን ሰዎች ፈልጌ እንድመልስ ነው የተቀጠርኩት። ሥልጠና በጠሩን ቁጥር "የኅብረተሰቡን ባህል አክብራችሁ ሥሩ" ይሉናል። አንድ ጊዜ እጄን አውጥቼ፣ "ባህሉስ እኔን መቼ ነው የሚያከብረኝ?" ብል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የምሬን ነበር የጠየቅኩት።

የሺሐረግን ያወቅኳት በዚሁ ሥራ ነው። ጤና ጣቢያችን አጥር ሥር ጉሊት ነበራት፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ትሸጣለች። ቦታውን የመረጠችው አስባበት ነው። ውኃ ልቅዳ፣ ሽንት ቤት ልጠቀም ብላ ስትገባ ማን ምን ይላታል? ትገባና የራሷንና የልጇን መድኃኒት ትቀበላለች፤ ብልቃጡ እንዳይንሿሿባት ክኒኑን በጥጥ ጠቅልላ ከሽንኩርቱ ሥር ዘንቢሏ ውስጥ ትደብቀዋለች። ቢሮዬ ውስጥ ስንሆን ሳቃችን አይጣል ነው። መንገድ ላይ ግን እንደማንተዋወቅ ተላልፈን እንሄዳለን። ቤቷ ከድሮው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፤ አባቷ ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ያቆዩላት ቤት። "ዙፋንዬ፣ እወድሻለሁ፣ ቤቴ ግን እንዳትመጪብኝ" ብላኛለች። አልተቀየምኳትም።

ልጇ እድላዊት ከቫይረሱ ጋር ነው የተወለደችው። ትንሽ ሆና ክኒን ሲሰጧት ጥርሷን ገጥማ እምቢ ትላለች፤ ብትመታም፣ ብትለመንም አትከፍትም። የሺሐረግ መላ ሲጠፋት አንድ ማታ ክኒኑን በእንጀራና በሽሮ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ልጅቷ በምላሷ አገላብጣ አገኘችው፣ ወደ ጉንጯ ገፋችው፣ እህሉን አላምጣ ክኒኑን ዋጠችው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ሆነ። እድላዊት አደገች፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች፣ ወንዶች ዘወር ብለው የሚያዩዋት ቆንጆ ሆነች፤ እናቷ ግን ማታ ማታ ታጎርሳታለች። እንግዳ ቢኖርም ግድ የላቸውም። ጎረቤት፣ "የሺ፣ ይችን ልጅ ሠርጓ ላይ ሚዜዎቿ ፊት ልታጎርሻት ነው?" እያለ ይስቃል። "የራሴ ልጅ ነች፣ ምን አገባችሁ?" ትላለች። ሰው ሁሉ እያያቸው ማንም አላያቸውም።

የሺሐረግ አንዲት እህት አለቻት፣ ታናሿ፣ ፀሐይቱ የምትባል። ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ባሏ ሞቶባት ልጅ ሳትወልድ ብቻዋን የቀረች፣ ጾም ጸሎቷን የማታጓድል፣ ቤቷ እንደ መስተዋት የጸዳ ሴት። በእድራችን ስብሰባ ላይ ስለ በሽታው ትምህርት ሲሰጥ ነጠላዋን አራግፋ የምትነሳ እሷ ነበረች። "እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጊዜያችንን አታባክኑ" ትላለች።

ይህችን ፀሐይቱን ግን እኔ አንድ ቀን ሌላ ቦታ አይቻታለሁ። ለሥራ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ልከውኝ ነበር። ያንኑ የእኛን ክኒን የሚሰጡበት በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ተራዋን ትጠብቃለች። እዚያ ወንበር ላይ ሰው ለሌላ ጉዳይ አይቀመጥም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው መልሼ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። በእሷ አልፈረድኩም። ፍርሃት ሰውን እንዴት እንደሚያስጮህ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

እንዲህ ነበር እንግዲህ ነገሩ። የሺሐረግ "ፀሐይቱ ብታውቅብኝ ሞቼ እገኛለሁ" ትለኛለች፤ ፀሐይቱ ደግሞ ሰው እንዳያያት ከተማውን አቋርጣ ትሄዳለች። በአንድ እናት ጡት ያደጉ ሁለት ሴቶች አንዱን ክኒን አንዷ ከአንዷ ይደባበቃሉ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አልልም። ይህን ሥራ ስጀምር የገባሁት ቃል ነው፣ ቃሌም እንጀራዬ ብቻ አይደለም። ድሮ የአንዲት ሴት ምስጢር ከማይመለከተው አፍ አምልጦ ሴትየዋ ቤቷን ዘግታ፣ መድኃኒቷንም ጥላ ጠፋች፤ የት እንደሞተች እንኳን አልሰማንም። ከዚያ ወዲህ አፌን እፈራዋለሁ።

ከዚያ የሺሐረግ በድንገት ሞተች። ደም ግፊቷ ተነስቶ ጉሊቷ ላይ እንደተቀመጠች ዘንበል አለች፤ እኛው ጤና ጣቢያ አስገቧት፣ አልተረፈችም። በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ስሟን ሲጠራ መንገድ ላይ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሳለቅስ ያየኝ ሁሉ "ይችስ ምኗ ነች?" ሳይል አይቀርም።

ለቅሶው ድንኳን የእኔ ዕድል ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ እንዲህ ማለቴን። እድርተኛ ነኝ፣ ካልሄድኩ ነው ነውሩ። ቃሊቲ ውስጥ እኔ ከሰው ጋር ገብቼ ማንንም የማላስወራበት ቦታ ቢኖር ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ገባሁ። እድላዊት ፍራሹ ላይ ኩርምት ብላለች፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። ከጎኗ ፀሐይቱ አለች፤ እጇን ይዛት፣ እንባዋን እየጠረገችላት። ሴቶቹ በዙሪያዋ ናቸው፤ ቀን አብረዋት ይውላሉ፣ ማታ ቤቱ ውስጥ ተደራርበው ይተኛሉ። እንደ ደንቡ ነው፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። መድኃኒቷን እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዳልቀመሰች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስታየኝ ዓይኗ ነገረኝ።

በነጋታው ከራሴ መድኃኒት አንድ ክኒን በመሐረብ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩ። ምሳ ሲቀርብ ከሴቶቹ ጋር ተነስቼ እንጀራ አቀረብኩ፣ ወጥ ጨለፍኩ፤ ከዚያ አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ እድላዊት ፊት በርከክ አልኩ። "ልጄ፣ ለእናትሽ ነፍስ ስትይ አንድ ጊዜ ጉረሺልኝ" አልኳት። ገባት። ከጠዋት ጀምሮ እህል እምቢ ስትል የዋለች ልጅ ቀና ብላ አፏን ከፈተች።

እጄ አፏ ሳይደርስ ፀሐይቱ አንጓዬን ያዘችው። "አንቺ ተይ። እኔ አጎርሳታለሁ" አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ለምን እንደያዘችኝ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከዙፋን ሞንታርቦ እጅ ጉርሻ ይበላል? በጉርሻ እንደማይተላለፍ ስንት ዓመት ጮኼ ያስተማርኳቸው ሰዎች ናቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ የተከሉት። እኔን ግን በዚያ ሰዓት ያሳሰበኝ ንቀቱ አልነበረም። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ ብመልሰው ይፈታል፣ ክኒኑ ይታያል፣ ልጅቷ አለቀላት። ስለዚህ እኔው ጎረስኩት። "ይኸው እኔም ርቦኛል" ብዬ እያላመጥኩ ተነሳሁ። አንዷ ከጥግ ሳቅ አፈናት።

ፀሐይቱ በራሷ እጅ ጠቅልላ አጎረሰቻት። በር ላይ ቆሜ አየኋት። እድላዊት እያላመጠች ጉንጯ በግራም በቀኝም ይነሳል፤ በምላሷ ትፈልጋለች። የሌለውን ነገር ፈለገች፣ ፈለገች፣ ከዚያ እህሉን ብቻ ዋጠችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። "ተዋት ታልቅስ፣ ይውጣላት" አሉ ሴቶቹ።

ድንኳኑ ሲፈርስ እኔም ከዚያ ቤት ወጣሁ። ፀሐይቱ ግን የገላኑን ቤቷን ዘግታ ከልጅቷ ጋር ለመኖር ገባች። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። የእህቷን ልጅ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታያት። አንድ አልጋ ላይ አቅፋት ትተኛለች፣ ሽንት ቤት ስትቆይ እንኳን በር ላይ ቆማ "እድልዬ፣ አለሽ?" ትላለች። የሺሐረግ ታጎርሳት እንደነበር ስለምታውቅ እሷም ማታ ማታ ታጎርሳታለች። እናቷን ልትተካላት ነው። ጉርሻው ግን ባዶ ነበር።

ስልክ ደወልኩ። እድላዊት በሹክሹክታ፣ "እትዬ ዙፋን፣ ከአርባው በኋላ እጀምራለሁ" አለችኝ።

"ቫይረሱ ተዝካር አይጠብቅም" አልኳት ተናድጄ። "ሽንት ቤት ገብተሽ በውኃ መዋጥ አቃተሽ? ሕፃን ነሽ?"

"ሞክሬያለሁ። በእጄ ይዤው በር ላይ ትጠራኛለች። ደሞ በራሴ እጅ ልውጠው ስል እማዬን እንደገና የምቀብራት ይመስለኛል" አለች።

"እንግዲያው ለአክስትሽ ንገሪያት። እሷ ታጉርስሽ።"

"እሷ? እትዬ፣ እሷ እኮ ካወቀች አብራኝ አትተኛም። ሌላ ማን አለኝ?"

አብራሽ የምትተኛዋ ሴት ያው እንዳንቺ ነች ማለት ነበር የፈለግኩት። ምላሴ ላይ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

ወደ ቄስ ገብረጻድቅ ሄድኩ። የዚያ ቤት የንስሐ አባት ናቸው፤ ድሮ በሽታውን ቅጣት ነው ይሉ ነበር፣ ኋላ የገዛ ወንድማቸውን ቀበሩና ከእኔ ጋር ፒክአፑ ላይ ቆመው አስተማሩ። ስም አልጠራሁም። "አባቴ፣ አንዲት ሐዘንተኛ አለች፣ መድኃኒቷን ትታለች። የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ በየደረሱበት ለቅሶና ተዝካር ሁሉ አንድ ቃል ይናገሩልኝ" አልኳቸው። ብዙ አላሰቡም። "እሺ፣ በየቤቱ እናገራለሁ" አሉ።

በየሺሐረግ አርባ ላይ ተናገሩ። "ጠበሉንም የሰጠ እሱ፣ ለሐኪሙ ጥበቡን የሰጠ እሱ። ጠበል እየጠጣችሁ መድኃኒታችሁን ዋጡ። መድኃኒቱን ትቶ ጠበል ብቻ የሚል ሰው እግዚአብሔርን እየተፈታተነ ነው" አሉ። ከሁሉ ሰው አብልጣ "አሜን" ያለችው ፀሐይቱ ነበረች። እድላዊት ቀና ብላ ቄሱን አየቻቸው። ሁለቱም ሰሙት እኮ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው።

በሳምንቱ እድላዊት ጤና ጣቢያ መጣች። ከመግባቷ በፊት እናቷ ትቀመጥበት የነበረው አጥር ሥር ትንሽ ቆመች። ከስታለች፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። አዲስ መድኃኒት ሰጠናት፤ እሷም እንደ እናቷ በጥጥ ጠቀለለችው። "ቄስ ገብረጻድቅ ለአክስትሽ ይንገሩልሽ? ወይ እኔ አብሬሽ ልሁን?" አልኳት። ፊቷ ተቀያየረ። እጄን ይዛ፣ "እትዬ ዙፋን፣ በእማዬ አጥንት ይማሉልኝ፤ ለአክስቴ እንዳይነግሩብኝ" አለች። ማልኩላት። ምን ላድርግ? ካልማልኩላት ደግማ አትመጣም ብዬ ፈራሁ። ማልኩላትም፣ ደግማም አልመጣችም።

ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ክረምቱ ገባ። ፋብሪካ እንዳቆመች፣ እንደምታስላት ከጉሊት ሴቶች ሰማሁ። አንድ ቅዳሜ ሳሪስ አቦ ገበያ ውስጥ ፀሐይቱን ቢጫ ጀሪካን ስትመርጥ አገኘኋት።

"ልጅቷ እንዴት ነች?" አልኳት።

ግራ ቀኙን አየች። ከእኔ ጋር ቆማ ሰው እንዳያያት ነው። "ሐዘን ጎድቷታል። ጠበል ልወስዳት ነው፣ እዚያው እንከርማለን።"

"ጠበሉ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ሆስፒታል አሳዪያት። ደሟን ይዩላት።"

ደም ስል ፊቷ ጠቆረ። "ምን ለማለት ነው? ሰው ሁሉ እንዳንቺ ካልሆነ አይሆንልሽም። የሟች እህቴን ቤት ስም ልታወጪለት ነው? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም።"

እኛ ቤት አለች። ዓይኗን ትክ ብዬ አየሁት። መነጽርሽስ፣ አግዳሚ ወንበርሽስ፣ ማታ ማታ ተደብቀሽ የምትውጪውስ? ብናገር ልጅቷ ትተርፋለች ይሆናል። ወይም ይህችም ሴት እንደዚያችኛዋ መድኃኒቷን ጥላ ትጠፋለች፤ ሁለት ለቅሶ እቀመጣለሁ። የልጅቷ መሐላም አለብኝ። በዚያ ገበያ መሐል፣ ሰው እየገፋኝ፣ ሞንታርቦ የተባልኩት ሴትዮ አፌ ተሳሰረ። "እሺ፣ ብቻ ሐኪም አሳዪያት" ብዬ ለመንኳት። ጀሪካኑን አንጠልጥላ ሄደች። እኔ ሽንኩርት ልገዛ መጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ።

ጠበሉ ቦታ ከረሙ። እድላዊት ራሷን ስታ ሆስፒታል ስትገባ መስቀል አልፏል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ ትንሽ ነቃ አለች፣ መልሳ ደከመች፣ ሞተች። ጡሩምባው ስሟን ሲጠራ ሥራ ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ያው ድንኳን እዚያው ቦታ ተተከለ። "በምን ሞተች?" ሲሉ "ራስ ምታት ነው፣ በእናቷ ሐዘን" ሲባል ሰማሁ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር፣ ምንም አልተናገርኩም። ሃያ ምናምን ዓመት ጮኼ ጮኼ እዚያው ጥርስ ሕመም ላይ ነን።

ድንኳኑ ከፈረሰ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ተራ በሚጠበቅበት ወንበር ላይ ከታካሚዎች ጋር ተቀምጬ ስናወራ ፀሐይቱ በዋናው በር ገባች። መነጽር የለም። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ፊቷ ለሁሉም ይታያል። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። "ቢሮ እንግባ" አልኳት ቶሎ ብዬ።

"እዚሁ ይሁን" አለች። ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ጥጥ አውጥታ ጭኗ ላይ ፈታችው። ክኒኖቹ እንዳሉ ነበሩ። "ልጅቷ ትለብሰው የነበረውን የእህቴን ካፖርት ለነዳያን ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ አገኘሁት። ሳየው አወቅሁት። በየማታው የማየውን ነገር እንዴት አላውቀውም?"

አጠገባችን ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። እሷ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

"እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ እውጣለሁ። እሷ አልጋ ላይ ሆና ትጠብቀኛለች። በአንድ ብርድ ልብስ ነበር የምንተኛው።" ወደ እኔ ዞረች። "እዚያ ክሊኒክ አይተሽኝ ነበር አይደል?"

"አይቼሻለሁ።"

"እኔም አይቼሻለሁ። ለዚያ ነው የምጠላሽ የነበረው።" ቀና አለች። "የእሷንም ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሁለታችንንም አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"እሷ አስምላኛለች። ላንቺ ደግሞ ሳታስምይኝ ምያለሁ" አልኩ። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። አልተሳደበችም።

"ሆስፒታል ነቃ ስትል 'አጉርሺኝ' ትለኛለች" አለች። "አጎርሳታለሁ። በምላሷ ታገላብጠዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ ትተፋዋለች። 'ምን ጎደለው የኔ ልጅ፣ ጨው ነው?' እላታለሁ። እያየችኝ ታለቅሳለች። ደግሞ 'አጉርሺኝ' ትላለች። ምን ፈልጋ ነው ዙፋን? አንቺ ታውቂያለሽ።"

የሺሐረግ ልጇን እንዴት ታጎርሳት እንደነበረ ነገርኳት። ከሕፃንነቷ ጀምሬ፣ ጎረቤት እየሳቀባቸው፣ በእንግዳ ፊት፣ በእሷም በራሷ በፀሐይቱ ፊት። ድንኳን ውስጥ አንጓዬን ስትይዝ እጄ ውስጥ ምን እንደነበረም ነገርኳት። ስጨርስ አላለቀሰችም። ጥጡን መልሳ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ደግማ ጠቀለለችው።

"ከቀበርኳት ወዲህ የራሴንም አልዋጥኩም" አለች በመጨረሻ። "እጄ እምቢ አለኝ።" ከደረቷ ውስጥ መሐረብ አውጥታ ቋጠሮውን ፈታች፤ የራሷ ክኒን ነው። መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። "የያዝኩብሽ እጅ ይሄ ነው አይደል? አጉርሺኝ።"

ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት ነፍሰ ጡር ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ክኒኑን ዳቦው ውስጥ ከተትኩት። ተናድጄም አዝኜም ነበር። ፀሐይቱ ዓይኗን ጨፍና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፏን ከፈተች። አጎረስኳት። አላመጠች። ጉንጯ በግራ ተነሳ፣ በቀኝ ተነሳ፤ ፈለገችው፣ አገኘችው። ዳቦውን ውጣ ክኒኑን ምላሷ ላይ ትንሽ አቆየችው፣ ከዚያ ዋጠችው።

"ይችን ነበር ልጄ የምትፈልገው" አለች።